ለውሃ መንገድ የተዉት ቀያሽ፦ የአቶ ባየህ ተገኘ የሕይወት ታሪክ

አቶ ባየህ ተገኘ ከአባታቸው ከአቶ ተገኘ እንግዳ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሰርክ ማረው በ1948 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ከወረታ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በኩሃር ተወለዱ። ቀኑን በትክክል የሚያውቅ የለም። ቤተ ዘመዱ የሚያስታውሰው ውሃው ሜዳውን ሞልቶት ከብቱ ሁሉ ወደ ጉብታው በወጣበት ሳምንት መወለዳቸውን ብቻ ነው። ኋላ በማዘጋጃ ቤት ቅጽ ላይ የልደት ቀን ሙሉ ሲባሉ ሐምሌ 19 ብለው ሞሉ፤ ለምን ተብለው ሲጠየቁም የገብርኤል ቀን ስለሆነ ለመርሳት አይመችም ብለው መለሱ።

ስድስት ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው በወባ አረፉ። ከዚያ በኋላ ያሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው ወ/ሮ አመሉ ተገኘ ናቸው። ታላቅ ሲባል ያን ጊዜ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። ወግ ደርሷቸው ሲዳሩም ወንድሜን ትቼ ከዚህ ቤት አልወጣም ብለው ሽማግሌዎቹን አስጨነቁ። ሙሽራው አቶ ወንዴ ደግ ሰው ስለነበሩ ልጁን ከሚዜዎቹ በአንዱ በቅሎ ላይ አፈናጥጠው ወሰዱት። ሙሽራ ወንድሟን አስከትላ ስትሄድ የታየው ያኔ ብቻ ነው እየተባለ በአገሩ እስከ ዛሬ ይወራል። እነዚህ ወ/ሮ አመሉ የእኔ እናት ናቸው። ይህን የማነብላችሁም ሴት ልጃቸው ነፃነት ወንዴ ነኝ። አጎቴን እጅግ እወዳቸዋለሁ፤ ለብዙ ዓመትም ተቀይሜያቸው ኖሬያለሁ። ስለዚህ የምለው ሁሉ በሁለቱም በኩል የተመዘነ ነው።

አቶ ባየህ ፊደል የቆጠሩትና ዳዊት የደገሙት በኩሃር ሚካኤል ነው። በ1958 ዓ.ም. ወረታ ወደሚገኘው የመንግሥት ትምህርት ቤት ገቡ። ክረምት ሲቃረብ ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው በራሳቸው ላይ ይሸከሙና እህታቸው ጥልቁን ቦታ በጀርባቸው ያሻግሯቸው ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በደብረ ታቦር ተከታተሉ። በመካከሉ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወሎ ዘምተው፣ ተመልሰውም በ1970 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። በደብረ ታቦር ዓመታት ስንቃቸውን በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚልኩት እናቴ ነበሩ፤ ከጤፉ ከሽምብራው ጋር ደብዳቤም ያጽፉ ነበር፤ በደብዳቤውም ሁልጊዜ የሚጠይቁት ብርዱን እንዴት ቻልከው የሚል ነው።

በ1971 ዓ.ም. በወረታ ማዘጋጃ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ያኔ ማዘጋጃ ቤታችን ሁለት ክፍል፣ አንድ የጽሕፈት መኪና እና አንድ ዘበኛ ነበረው። ከተማውም ቢሆን መንገዱን ተከትሎ የተዘረጋ ሁለት ረድፍ ቤት እንጂ ሌላ አልነበረም። ከሐሙሲትም ሆነ ከይፋግ የመጣ መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ የሚያልፍበት ቦታ ነው። በ1974 ዓ.ም. የቅየሳ ሥልጠና ወስደው የከተማው የመጀመሪያ ቀያሽ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በወረታ የተከፈተ መንገድ፣ የተሸነሸነ ሰፈር፣ የተተከለ ችካል ሁሉ የእርሳቸው እጅ አለበት።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራቸው ለቤቶች ቁጥር መስጠት ነበር። በ1977 ዓ.ም. የቀይ ቀለም ቆርቆሮ ይዘው ከቤት ቤት እየዞሩ በየበሩ ላይ ቁጥር ጻፉ። በማግሥቱ ሲመጡ ግማሹ በር ታጥቦ ነጭ ሆኖ አገኙት። ለካ ሕዝቡ ቀይ የተጻፈበት ቤት ይፈርሳል ብሎ ሌሊቱን በአመድ ሲፈትግ አድሯል። አቶ ባየህ አልተቆጡም፤ ቀለሙን ወደ ሰማያዊ ለውጠው እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ሥራው ሁለት ወር ፈጀባቸው፤ ያልታጠቡትን ቀያዮቹንም ለእኩልነት ሲሉ ሁሉንም ሰማያዊ አደረጓቸው።

በ1978 ዓ.ም. ከሸዋ ተመድበው ለማስተማር ከመጡት ከወ/ሮ ጸሐይነሽ ታደለ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው እንዳልካቸው፣ ናፍቆት እና ሉሊት የተባሉ ሦስት ልጆችን አፍርተዋል። ወ/ሮ ጸሐይነሽ ለሁለት ዓመት ብቻ ሊያስተምሩ መጥተው ሠላሳ አምስት ዓመት ያስተማሩ እናታችን ናቸው። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ የእርሳቸውን ኩርኩም የቀመሳችሁ ናችሁ።

ሩዝ ሜዳውን ከያዘው በኋላ ከተማችን ሌላ ከተማ ሆነ። የሩዝ መፈልፈያው፣ የጭነት መኪናው፣ ከየዞኑ የመጣው ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ቦታ ይሻ ነበር። አቶ ባየህ ለሁሉም በአንድ ሜትር ለኩ። ከብት በዋናው መንገድ ላይ እንዳይውል ደንብ የወጣ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ተይዛ የታሰረችው የራሳቸው ላም ነበረች። ዘበኛው የማን መሆኗን ሲያውቅ ሊለቃት ቢል፣ ሦስቱን ቀን እንደማንም ላም ትታሰር ብለው ሳሩን ራሳቸው እያጨዱ ወሰዱላት። ከዚያ ወዲህ በወረታ የባየህ ላም እንኳ ታስራለች የማይባልበት ክርክር አልነበረም።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ከባዱ እመጣለሁ። መተውም ይቻል ነበር፤ የማልተውበትን ምክንያት ግን መጨረሻው ላይ እናገራለሁ።

በ1994 ዓ.ም. ከተማው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሜዳው እንዲሰፋ ተወሰነ። አቶ ባየህ መጋቢትና ሚያዝያን ሙሉ ለኩ። ልኬት በእኛ አገር የበጋ ሥራ ነው፤ ክረምት ሲገባ ዋልካው ጫማ ስለሚያወልቅ ማንም ቀያሽ ሜዳ አይወርድም። በሚያዝያ ደግሞ የፎገራ ሜዳ እንደ እንጀራ ምጣድ ደረቅና ልሙጥ ነው። በመካከሉ ያለው ረባዳ ከግራና ከቀኙ ዝቅ የሚለው በአንድ ክንድ ያህል ቢሆን ነው፤ በዓይን አይለይም። እርሳቸው የሠላሳ አንድ ቤት ቦታ በዚያ ረባዳ ላይ ሸነሸኑ። እጣው በአደባባይ ወጣ። እናቴ አባቴን የቀበሩበት ዓመት ስለነበረ የገጠሩን ቤት ለወንድሜ ትተው ወደ ከተማ ለመግባት ተመዝግበው ነበር፤ እጣቸውም እዚያው ረባዳው ላይ ወደቀ። ወንድምየው ቀያሽ ሆነው ሳለ እህት እንደማንም እጣ ማውጣታቸው በዚያን ቀን ብዙ አስመሰገናቸው። እናቴም ሁለቱን የፎገራ በሬዎች ሸጠው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሠሩ።

አራት ክረምት በሰላም አለፈ። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተና አንድ ቀን ረፋድ ላይ ውሃው በረባዳው በኩል መጣ። ሲመጣም አላስፈራራም፤ ቀስ ብሎ በየበሩ ስር ገባ። ቀትር ላይ መስኮት ደረሰ። እግዚአብሔር ይመስገን የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ በጣና በኩል በመጡ ታንኳዎች ሕዝቡ ወጣ። እናቴን ከጠረጴዛ ላይ ያነሷቸው አጎቴ መሆናቸውን ሰምቻለሁ፤ ያን ጊዜ እኔ በባሕር ዳር ተማሪ ነበርኩ። ከሠላሳ አንዱ ቤት አሥራ ዘጠኙ ወደቀ። የእናቴ ቤት ግን ቆመ።

ውሃው ከሸሸ በኋላ አቶ ባየህ የሜዳውን ሽማግሌዎች ሰብስበው ይህ ረባዳ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ከመካከላቸው እዚያው ሜዳ ላይ ከብት ሲያግዱ ያረጁት አቶ የኋላሸት የሚባሉ አባት የመለሱላቸው መልስ በከተማችን ተረት ሆኖ ቀርቷል።

«እኛማ እናውቀው ነበር፤ የውሃ መንገድ ነው። አንዳንዴ አሥር ዓመት ይተኛል፣ ይነሳል። የተማረ ሰው ለክቶ ሲሰጥ ሌላ ብልሃት ይኖረዋል ብለን ነው እንጂ።»

እንዲህ ነን እንግዲህ። ሠላሳ አንድ ሰው ቤት ሲሠራ አገር ሙሉ ሰው ያውቅ ነበር፤ ባለሙያን በሰው ፊት ማረም ነውር ነው ተብሎ ሁሉም ዝም አለ። ባለሙያውም መጠየቅ አላወቀበትም። ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም የሚባለው ይኸው ነው።

በመስከረም 1999 ዓ.ም. አቶ ባየህ በሦስት ቅጂ የተጻፈ ደብዳቤ ለከተማው ምክር ቤት አስገቡ። ማንም አላስገደዳቸውም። ደብዳቤው አጭር ስለሆነ ዋናውን አነበዋለሁ። «ይህ ቦታ የውሃ መንገድ ነው። በበጋ ለክቼ ለሰው የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማንንም አልጠየቅሁም። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።» ከዚህ በታች ሠላሳ አንዱ አባወራና እማወራ በከፍታው በኩል ምትክ ቦታ እንዲሰጣቸው፣ ረባዳውም ለዘለዓለም ክፍት እንዲሆን ጠየቁ። ራሳቸውም ወደ መዝገብ ቤት እንዲመለሱ አመለከቱ። ብዙ ሰው አበዱ እንዴ አለ። ስህተቱን በፊርማና በማኅተም የሚያስገባ የመንግሥት ሠራተኛ ከዚያ በፊት አልታየማ። ምክር ቤቱ ጥያቄያቸውን ተቀበለ። ወደ መዝገብ ቤትም ተመለሱ፤ ነገር ግን ችካሎቹን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ በስምንተኛው ወር እንደገና ወደ ቅየሳው ተጠሩ።

ሠላሳው ቤት ተነሣ። አንዱ አልነሣም አለ፤ እርሱም የእናቴ ነው። ቤቴ አልወደቀም፣ መሠረቱን ከፍ አድርጌዋለሁ፣ ውሃውንም ከባየህ በፊት አውቀዋለሁ ይሉ ነበር። የእርሳቸው አለመነሣት ደግሞ የእርሳቸው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ክረምቱ ሁለት ጊዜ ደርቆ ሲያልፍ አንዳንድ ነጋዴዎች ረባዳው ለሱቅ ይሰጠን ማለት ጀመሩ። የተነሡትም፣ የቀያሹ እህት ተቀምጣበት እኛን ምን አስነሣን፣ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ብለው ለመመለስ ጠየቁ። ያች አንዲት ቤት እስካለች ድረስ የውሃውን መንገድ ክፍት ማድረግ እንደማይቻል ሁሉም ያውቅ ነበር። አቶ ባየህ አንድ ዓመት ሙሉ ለመኑ። በጥር 2001 ዓ.ም. የማስነሻውን ትእዛዝ በባለሙያነታቸው ፈረሙ።

ሌላ ሰው አልላኩም። ኮታቸውን አውልቀው ራሳቸው ጣሪያው ላይ ወጡ፤ ቆርቆሮውን አንድ በአንድ እየነቀሉ ሳይጣመም ወደ ታች አቀበሉ። የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ምስማሩን ሳይቀር እያቃኑ በቆርቆሮ ሣጥን ሰበሰቡት። እናቴ ጀርባቸውን ሰጥተው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። የመጨረሻው ቆርቆሮ ሲወርድ ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«ባየህ፣ ኸዛሬ ወዲያ እህት የለህም።»

አጎቴ በምትኩ ቦታ ላይ ያንኑ ቤት በዚያው ቆርቆሮና በዚያው ምስማር በሦስት ሳምንት አቆሙት። እናቴ ገቡበት፤ ቃላቸውን ግን አልመለሱም። እኔም ከእናቴ ጋር ወገንኩ። ያሳደጓቸውን፣ በጀርባቸው ያዘሏቸውን ሴት ቤት ያፈረሱ ሰው ናቸው ብዬ ለሰማኝ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ከሰማኝ መካከል እዚህ ያላችሁ ትኖራላችሁ፤ ይቅር በሉኝ።

በየፋሲካውና በየመስቀሉ አቶ ባየህ እስከ አጥሩ መግቢያ ይመጡ ነበር። እንኳን አደረሳችሁ ብለው ለግቢው ሁሉ ይናገሩና ይመለሳሉ። እናቴ ወደ ጓዳ ይገባሉ። ለቅሶ ቤት ሲገናኙ በአንዱ ድንኳን አይቀመጡም። ወ/ሮ ጸሐይነሽ መጥተው አልቅሰው ሄደዋል። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተልኳል፤ የንስሐ አባታቸው ሳይቀሩ ገብተውበታል። ለሦስተኞቹ ሽማግሌዎች እናቴ የሰጡት መልስ ይህ ነው።

«ቤቴን ያፈረሰው ውሃ ይመጣል ብሎ ነው። ይምጣና እንታረቃለን።»

ይህ መልስ ለአጎቴ ደረሰ። እስቲ አስቡት። በየክረምቱ ለከተማው ሲሉ ውሃው እንዳይመጣ የሚጸልዩ ሰው ናቸው፤ እህታቸው የሚመለሱት ደግሞ ውሃው ሲመጣ ነው። ባለቤታቸው እንደሚሉት በእነዚያ ዓመታት በነሐሴ ዝናብ ሲጀምር ምግብ አይበላላቸውም ነበር። ምን እንደሚመኙ ለራሳቸውም አልለየላቸውም።

ሥራውን ግን አልተዉም። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ጃንጥላ ይዘው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ሜዳ ይወርዱ ነበር። ውሃው የቆመበትን ዳር እየተከተሉ ችካል ይተክላሉ፤ ከመትከላቸው በፊትም ያገኙትን ገበሬ ሁሉ አቁመው ይጠይቃሉ። ወረታ በበጋ ትለካለች፣ በክረምት ትኖራለች እያሉ ወጣቶቹን ቀያሾች በጭቃ ውስጥ ያስከትሏቸው ነበር። ዛሬ በከተማችን ማንኛውም አዲስ ሰፈር ሳይሸነሸን በፊት አንድ ክረምት እንዲታይ የሆነው በእርሳቸው ግትርነት ነው። በየስብሰባው እጃቸውን አውጥተው ስለ ረባዳው ያንኑ ይናገራሉ። ሕዝቡም ስለለመዳቸው ባየህ ውሃ እያለ ይስቅ ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ነውና፣ ምክራቸውን ፈልገው ከሌላ ከተማ የሚመጡ ባለሙያዎች ከእኛ ይልቅ ያከብሯቸው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከሠላሳ ሰባት ዓመት አገልግሎት በኋላ በጡረታ ተገለሉ። የነሐሴው ጉዞ ግን ጡረታ አልወጣም።

ውሃው የመጣው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነው። ከ1998ቱ የበለጠ እንጂ ያነሰ አልነበረም። ከተማው እጥፍ ሆኖ አድጓል፤ በረባዳው ግራና ቀኝ ከሁለት ሺህ የማያንስ ቤት አለ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ውሃው በተተወለት መንገድ ገባ። ሰፊ ሆኖ፣ ድምፅ እንኳ ብዙም ሳያሰማ፣ በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ወደ ጣና አለፈ። አንድ ደጃፍ አላረጠበም። ሕዝቡ በሁለቱም ዳር ወጥቶ ያይ ነበር።

እናቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ያኔ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ በእኔ ክንድ ተደግፈው ዳር ድረስ ወረዱ። ማዶ አጎቴ ከነጃንጥላቸው ቆመዋል። በመካከላቸው ያለው ውሃ የእናቴ ቤት በነበረበት ላይ ነው የሚሄደው። እናቴ ውሃውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ አሥራ ሦስት ዓመት ያልጠሩትን ስም ጠሩ።

«ባየህ! አየሁት!»

አጎቴ ጃንጥላውን እዚያው ጣሉት። በረባዳው ላይ መሻገሪያ ስላልነበረ በአስፋልቱ ድልድይ በኩል ለመዞር ተነሡ። እናቴም አላስቀምጥ ብለውኝ በዚህ በኩል ወደ ድልድዩ መንገድ ጀመሩ። ድልድዩ አጠገብ ተገናኙ። አጎቴ የእናቴን ጉልበት ለመሳም ሲያጎነብሱ እናቴ ያዟቸው። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ፊት ለፊት የተናገሩት ነገር ቢኖር እግርህ ረጥቧል፣ ወደ ቤት ግባ የሚል ነው። ያን ዕለት አጎቴ ከእኛ ቤት ምሳ በሉ። ጣሪያውን ቀና ብለው እያዩ ቆርቆሮው አላፈሰሰም ወይ ብለው ጠየቁ፤ አንድ ቦታ ያፈስሳል አልናቸው። በማግሥቱ መሰላል ይዘው መጡ።

ከ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታመሙ ቆይተው በወረታና በባሕር ዳር ሕክምና ሲከታተሉ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሰባት ወራት በቤታቸው ተኝተው ሲቆዩ እናቴ ከአጠገባቸው አልተለዩም፤ ሁለቱ ሲጨቃጨቁና ሲሳሳቁ ከጎረቤት ይሰማ ነበር። ሐኪሞችና ቤተሰቦቻቸው የተቻላቸውን ሁሉ ቢያደርጉም ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ዛሬ በሚካኤል ዕለት ፊደል በቆጠሩበት ደብር ሥርዓተ ቀብራቸው ይፈጸማል።

አቶ ባየህ ተገኘ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት፣ የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ጸሐይነሽ፣ ልጆቻቸው እንዳልካቸውና ሉሊት እዚህ አብረውን ቆመዋል። ልጃቸው ናፍቆት ከአዲስ አበባ ተነሥታ በመንገዱ ምክንያት መድረስ አልቻለችም፤ ይህን ንባብ በስልክ እየሰማች ነው። ናፍቆት፣ አይዞሽ፤ አባትሽን አፈር የሚያለብስ ሰው ሞልቷል። ታላቅ እህታቸው ወ/ሮ አመሉ ተገኘም እዚህ ናቸው።

ትላንት ማታ ይህን ጽሑፍ ስጨርስ ለእናቴ አነበብኩላቸው። ስለ ረባዳውና ስለ አሥራ ሦስቱ ዓመት አንድ ቃል አልጻፍኩም ነበር። በሬሳ ፊት የቤት ገመና አይነሣም ብዬ ነው። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ቅደጂው አሉ። ከዚያ እስካሁን ከአጎቴ በቀር ለማንም፣ ለእኔም ቢሆን ያልነገሩትን ነገሩኝ። የተናገሩትን እንዳለ ጽፌዋለሁ፤ ሕዝብ እየሰማ ይነበብ ብለው አስምለውኛል።

«እጣው የወጣ ዕለት ቦታው የውሃ መንገድ መሆኑን አውቅ ነበር። ባየህን በልጅነቱ በጀርባዬ አዝዬ ያሻገርኩት በዚያው ነው። ያን ሁሉ ሰው ፊት ወንድሜን ተሳስተሃል ብዬ እንዳላዋርደው ዝም አልኩ። ብናገር ኑሮ ሠላሳ ሰው ቤት አይሠራም ነበር። እሱ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው ብሎ ሲጽፍም ዝም አልኩ። ቤቴን ሲያፈርስ የተቆጣሁት በእሱ መስሎኝ ነበር። ታሞ ተኝቶ ሳለ ነገርኩት። ሳቀብኝ። እቴቴ፣ ደብዳቤው አንዴ ማኅተም ተመቶበት ወጥቷል፣ አይታረምም አለኝ። እሱ አላርምም ብሎ ሄደ፤ አንቺ አርሚልኝ። ጥፋቱ የሁለታችን ነው ብለሽ አንብቢ።»

ውድ የወረታ ሕዝብ፣ በእናቴ ቃል፣ በእናቴም ፊት፣ ደብዳቤው ዛሬ ታርሟል።

የአጎቴን ነፍስ የምሕረት አምላክ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለእህታቸውም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።